በሰሜን፦ ጣና

ከመሬት ቢሮው በር፣ ከዘንባባው ዳርቻ፣
ሠላሳ ዓመት ሆነኝ ስጽፍ ማመልከቻ።
ወንበሬ የጣውላ፣ ጠረጴዛዬ ሣጥን፣
ማኅተም የለኝ እኔ፤ ቃል ነው የምመጥን።

ሰው ሮጦ ይመጣል፤ «ቤቴን ቀሙኝ» ይላል፤
ቤት ሕግ አፍ ሲገባ ስንት ስም ይበቅላል።
«ግድግዳውን?» እላለሁ፣ «ቦታውን? ካርታውን?
ወይስ በሩ እያለ መግቢያ መውጫውን?»

«የመሬት ባለቤት ነን» ያሉኝን ሰዎች ሁሉ፣
«ባለይዞታ ናችሁ» ስላቸው ይቆጣሉ።
ምን ላድርግ፣ ከመያዝ ነው የቃሉ አመጣጡ፤
ቀረሶም ከተያዘ በኋላ ነው ከእጅ ማምለጡ።

ቤትህን መያዣ ስትሰጥ፣ ባንኩ አብሮህ ያድራል፤
ይርጋ የሚሉት ደግሞ፣ ዝም ያልህለት መብት ተኝቶ ይሞታል።
ሊዝ ሲባል የሰማ አንድ ገበሬ ጠየቀኝ፦
«ዘጠና ዘጠኝ ዓመት፣ ማን ሊኖረው ነው?» ብሎ አሳቀኝ።

ሐሙስ ጧት አንጓች መጣች፤ ጭቃ ነው እስከ ባቷ፣
ምስጥ ዳሩን የቀመሰው፣ በፌስታል፣ የድሮ ውል ያባቷ።

በምሥራቅ፦ የአቶ ፈንቴ አጥር።
በምዕራብ፦ የእግር መንገድ።
በደቡብ፦ የቄስ ምናለ ጓሮ።
በሰሜን፦ ጣና።

ያኔ ውሉ ሲፈረም፣ ሦስት ምስክር ቆሞ፣
ውኃው አጥር ሥር ነበር፣ ከጌሾው ጋር ተጋጥሞ።
ዛሬ ቆጥራው መጥታለች በእርምጃ፦ አርባ ሁለት፤
ጣና ሸሽቶ የተወው ጭቃ፣ ካርታ የሌለበት።

ወንድሟ ደረብ ጓያ ዘራበት፤ እሾህ አጠረ፤
«ወሰናችን ጣና አይደል? ወሰኑ ሄደ፣ እኔም ሄድሁ» ብሎ ተከራከረ።
ቀያሹ መጥቶ ለካ፤ ሜትሩን ጠቅልሎ አለ፦
«አራት መቶ ካሬ ነው፤ ሌላ በካርታው የለ።»

እናታቸው በሕይወት አሉ፤ አላባ ነው ድርሻቸው፦
ጌሾውን ይሸመጥጣሉ፣ ግንዱ ግን የልጆቻቸው።
አላባ ጥሩ ቃል ነው፣ ወተት ወተት ይሸታል፤
ላሟ የሌላ ሆና፣ ግሬራው ለአንቺ ይመጣል።

አንጓች ክስም ካሳም አላለች። «እማዬ» አለች፣
«ውኃ ዳር የምትወርድባት ቀጭን መንገድ ነበረች።
እሾሁ ላይዋ ላይ ወደቀ።»

ለዚህም ቃል አለኝ፦ አገልግሎት። መሬት ለመሬት ይታዘዛል፤
አንዱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ሌላው በላዩ ያልፋል።

ይህን ስጽፍ እንድሪስ፣ ታንኳ ሠሪው፣ ተራ ይጠብቅ ነበር፤
ሰምቶን ኖሯል። «እዚያ ጭቃ ላይ» አለ፣ «ደንገል እናጭድ ነበር፣
እኔም፣ አባቴም። ለእኔስ ምን ቃል አለህ?»

በሆዴ ቃላቴን ገለበጥሁ፦ ካርታ የለህ፣ ውል የለህ።
«ታንኳህ» አልሁት፣ «ተንቀሳቃሽ ንብረት ናት፤ እሷ ያንተ ነች።»
ሳቀ። «ታንኳዬማ ሳትከርም ትበሰብሳለች፤
የሚንቀሳቀስስ ጣና ነው። እሱን በየትኛው ጻፍኸው?»
እስክሪብቶዬን አራገፍሁ። ቀለም አለው፤ እጄ ነው የዘገየው።

ለአንጓች ገጽ ተኩል ጻፍሁ። ሂሳቡ ስድሳ፤ አርባ ከፈለች፤
«ሃያውን በጌሾ» ብላ ወደ መዝገብ ቤት ዘለቀች።

ቀጠሮው ለሰኔ ሆነ፤ ከሰኔ ለመስከረም፤
ጣና ግን መጥሪያ አልጠበቀም፣ ዳኛ ፊትም አልቀረበም።
በጳጉሜ ደወለችልኝ፦ «ውኃው አጥሩ ሥር ደረሰ፤
የደረብ እሾህ ሰጠመ፤ ወሰኑ ተመለሰ።»

«ታዲያ ክሱ ይቅር?» አልኋት።

ዝም አለች። ከኋላዋ ማዕበሉ ይሰማል፤
አሮጊት ድምፅም፣ ማንን እንደሆነ እንጃ፣ ይቆጣል።

«አይቅር» አለች። «ጥር ይመጣል።»